ሦስት ጓጉንቸር የተንጠለጠለበት ሻንጣ

አማቴን አልወዳቸውም። ይህን መጀመሪያ ልናገርና ይውጣልኝ፤ ኋላ "ምራት አይደለች፣ ምን ታድርግ" እንዳትሉኝ። ፊት ለፊት "እርስዎ" እላቸዋለሁ፣ ከኋላቸውም "እሳቸው" እላለሁ። አንቱታው አልጎደለባቸውም፤ የጎደለው ሌላው ነው። እሳቸውም ቢሆኑ አይወዱኝም፤ ስለዚህ በዚህ በኩል እኩል ነን።

ሰፈሩ "እመት ጓጉንቸር" ይላቸዋል። የምንኖረው እሳቸው ቤት ነው፤ እኔ፣ ባሌና እሳቸው። ስኳሩ ይቆለፋል። ዘይቱ ይቆለፋል። የሳሎኑ ቡፌ ይቆለፋል። የቴሌቪዥኑ ሪሞት እንኳ መሳቢያ ውስጥ ገብቶ ይቆለፍበታል፤ ዜና ሲደርስ ይወጣል፣ ዜናው ሲያልቅ ይገባል። ቁልፎቹ ሁሉ በአንድ ክር ታስረው አንገታቸው ላይ ናቸው። ሲራመዱ ይንሿሿሉ። ይህች እንኳ አንድ ነገር ናት፤ የት እንዳሉ ሁልጊዜ አውቃለሁ። ባሌን "አንተንስ እንዴት ሳይቆልፉብህ አሳደጉህ?" ስለው ይስቃል። እናቱን በተመለከተ ከመሳቅ ሌላ የሚያውቀው ነገር የለም።

ዕድሜያቸውን የጨረሱት የሆስፒታል ዕቃ ግምጃ ቤት ሲጠብቁ ነው። አንሶላ፣ ሳሙና፣ ፋሻ፣ ጥጥ፣ ሁሉም በእሳቸው እጅ ነበር። ሐኪም ቢሆን፣ ዳይሬክተር ቢሆን፣ ሳይፈርም አንድ ፎጣ አይወስድም። "ከእኔ ግምጃ ቤት አንዲት መርፌ ጎድላ አታውቅም" ይላሉ፤ እንግዳ በመጣ ቁጥር፣ ሳይጠየቁ፣ ልክ ሌላው ሰው ስለ ልጁ ማዕረግ እንደሚያወራው። እኔ ደግሞ ፀጉር ቤት ነው የምሠራው። ቀኑን ሙሉ የሰው ራስ በእጄ ይዤ የሰው ጉድ እሰማለሁ፤ እንደ እሳቸው ያለ ግን አንድም ሰው አውርቶልኝ አያውቅም።

በተጋባን ዓመት የጋብቻ ቀለበታቸው ጠፋ። ቀድሞ የተገለበጠው የእኔ ፍራሽ ነው። ጎረቤት በር ላይ ተኮልኩሎ እያየ፣ ቦርሳዬን አንስተው አልጋው ላይ ዘረገፉት። ማበጠሪያዬ፣ ጥፍር መቁረጫዬ፣ የወር አበባ መጠበቂያዬ ሳይቀር ለሕዝብ ታየ። ቀለበቱ ሰንብቶ የተገኘው ከራሳቸው ካፖርት ገበር ውስጥ ነው፤ በገዛ እጃቸው ሰፍተው የደበቁት። ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "እንኳን ተገኘ።" በቃ! ይቅርታ አድርጊልኝ የለ፣ አጠፋሁ የለ። እንኳን ተገኘ!

ከዚያ ቀን ጀምሮ እኔም አያቸዋለሁ። የክፍላቸው በር የድሮ በር ነው፤ የቁልፍ ቀዳዳው ሰፊ ነው። ሌላ ሰው ከውስጥ ሲቆልፍ ቁልፉን እዚያው ይተወዋል። እሳቸው ግን ቁልፍ በር ላይ ትተው አያውቁም፤ ቆልፈው፣ ነቅለው፣ አንገታቸው ላይ ይመልሱታል። ስለዚህ ቀዳዳው ባዶ ነው። እኔም በዚያ ሳልፍ ጎንበስ እላለሁ። ነውር ነው? ይሁና! ፍራሼ ሲገለበጥ ማን ነውር ነው አለ?

ወደ ወርቁ ልምጣ። የእናታቸው የአንገት ወርቅ አለ፤ ወፈር ያለ ሰንሰለት፣ ጫፉ ላይ ቅጠል የመሰለ ጌጥ ያለበት። ከዚያ ቤተሰብ የምታገባ ሴት ሁሉ ለሠርጓ ቀን ታደርገውና ትመልሳለች። ያላደረግኩት እኔ ብቻ ነኝ። "ማሰሪያው ላልቷል" ተባልኩ። ማሰሪያው ላልቷል! የላላው ምን እንደሆነ እኔ አጥቼው ነው? ብቻ የታናሽ እህታቸው ልጅ ልታገባ ሆነ። ይህች እህታቸው የምትኖረው በአውሮፕላን የሚኬድበት ከተማ ነው። የባሌ አክስት ናት፤ ገና በተዋወቅን ቀን "ምን አንቱ ትይኛለሽ፣ አሮጊት አደረግሽኝ እኮ" ስላለችኝ አንቺ እላታለሁ። ወርቁ የሁለቱም እናት ንብረት ነው፤ የተቀመጠው ግን ታላቅየዋ ጋ ነው። በዚህ የተነሳ እህትማማቾቹ ዓመት ከዓመት ሲነካከሱ ነው የኖሩት። አክስትየዋ ለሠርጉ ስትደውል ድምጿ ከስልኩ አልፎ እኔ ጋ ይሰማ ነበር።

"እትዬ፣ ልጄ አንገቷ ባዶ ሆኖ አትዳርም። ወርቁን ካላመጣሽ አንቺም እንዳትመጪ። እህት አለኝም አልል።"

"እንዴት ያለሽ ባለጌ ነሽ? አመጣዋለሁ አልኩሽ እኮ!"

ባሌ ከመሥሪያ ቤቱ ፈቃድ ስላላገኘ፣ እሳቸውን አጅቤ እንድሄድ እኔ ታዘዝኩ። ባሌ መቼም ልፋት ነው እንጂ እናቱን መከረ። "እማዬ፣ ወርቁን በእጅ ቦርሳሽ ያዥው። ሻንጣ ውስጥ አይደረግም።"

"በእጄ? ፍተሻው ጋ ስንት ሰው እያየ ቦርሳዬን ይበርብሩልኝ? ደግሞስ እንቅልፍ ቢወስደኝ? አጠገቤ የሚቀመጠውን ሰው ታውቀዋለህ?"

አጠገባቸው የምቀመጠው እኔ ነኝ። ይህን ሲሉም ያዩት እኔን ነው።

ከምሳ በኋላ ሻንጣቸውን ይዘው ክፍላቸው ገቡና ቆለፉ። እኔም ሳህኑን አስቀምጬ ጎንበስ አልኩ። ወርቁን ከሣጥን አወጡት። ወዲያው የሚጠቀልሉት መስሎኝ ነበር፤ እሳቸው ግን መስታወቱ ፊት ቆመው አንገታቸው ላይ አደረጉት። የቁልፉን ክር ወደ ኋላ ገፋ አደረጉና ቅጠሉን ደረታቸው ላይ አስተካከሉት። ከዚያ ሳቁ። እኚህ ሴትዮ ጥርሳቸውን ሲያሳዩ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው፤ ልጃገረድ ነው የመሰሉት። ወዲያው ደግሞ የሰማቸው ሰው ያለ ይመስል ኮስተር ብለው አወለቁት። በሟቹ ባለቤታቸው ግራጫ ካልሲ ከተቱት፣ ካልሲውን ግራ ጫማቸው ውስጥ ጠቀጠቁት፣ ጫማውን ለሙሽራዋ በተገዛው ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ሻንጣው ላይ ሦስት ጓጉንቸር አንጠለጠሉበት። አንዱ የዋናው ዚፕ ነው፣ አንዱ የጎኑ ኪስ፤ ሦስተኛው መያዣው ላይ ነው፣ እሱ ምን እንደሚቆልፍ እስካሁን አልገባኝም። ያን ሌሊት እጃቸውን ሻንጣው ላይ ጭነው ነው ያደሩት።

አየር ማረፊያው ላይ ሻንጣ የሚመዝነው ልጅ በትህትና ጠየቃቸው። "እናቴ፣ ውስጡ ገንዘብ፣ ጌጣጌጥ ምናምን የለም አይደል? ካለ በእጅዎ ይያዙት።"

"ምን አገባህ? የታዘዝከውን መዝን!"

ይህ አልበቃቸውም። ሻንጣው በጎማው መንገድ ሊሄድ ሲል ወዲያ ማዶ ወደቆሙት ጫኞች ዞሩና ጮኹ። "ይህን ሻንጣ ማንም እንዳይነካብኝ! የሁላችሁንም መልክ ይዣለሁ!" ጫኞቹ አንድ ላይ ዞሩ። መጀመሪያ እሳቸውን አዩ፣ ቀጥለው ሻንጣውን አዩ፣ ቀጥለው ሦስቱን ጓጉንቸር አዩ። ወርቅ እዚህ አለ ብሎ ደውል ቢመታ ከዚህ አይበልጥም። "ኧረ እማማ፣ ቀስ ይበሉ" ብላቸው "አንቺ ዝም በይ" አሉኝ። 

ስንደርስ ሻንጣው ሰው ሁሉ የራሱን ወስዶ ከጨረሰ በኋላ እየተንቀራፈፈ መጣ። ተንበርክከው ጓጉንቸሮቹን አንድ በአንድ ጎትተው ሞከሯቸው። ሁሉም ቦታቸው ላይ ናቸው፤ አንዱም አልተነካም። "አየሽ?" አሉኝ ቀና ብለው። "ቆልፎ የሄደ ሰው እንዲህ ነው።"

አክስትየዋ ቤት ሳሎኑ በሰው ሞልቷል። ሙሽራዋ ወንበር ላይ ቆማለች፣ ልብስ ሰፊዋ እግሯ ሥር ተቀምጣ፣ መርፌ ቁልፎቿን በከንፈሯ ይዛ የቀሚሱን ጠርዝ ታጥፋለች። አማቴ ሰላምታውን እንኳ ሳይጨርሱ ሻንጣውን መሀል ወለል ላይ አስቀመጡት። ለዓመታት ሲታሙበት የኖሩትን ነገር በአንድ ቀን ሊያጥቡት ነው። ቁልፎቹን ከአንገታቸው አወጡ። ብርድ ልብሱን ፈቱ፣ ጫማውን አወጡ፣ ካልሲውን ጎትተው ከፍ አደረጉት።

ካልሲው ተንጠልጥሎ ቀረ። እጃቸውን ሰደዱበት። ገለበጡት። ጫማውን አራገፉት። ከዚያ ብርድ ልብሱን፣ ሻንጣውን፣ ሁሉንም።

"እትዬ" አለች አክስትየዋ፣ "ካልሲ ነው ያመጣሽልኝ?"

እውነቱን ልንገራችሁ፤ አንጀቴ ቅቤ ጠጣ። የፈሩት ይደርሳል ማለት ይኸው ነው። እሰይ አልኩ በሆዴ፤ ቦርሳ ሲገለበጥ ምን እንደሚመስል ይዩት።

በማግስቱ እኔና እሳቸው አየር መንገዱ ቢሮ ሄድን። መስኮቱ ጋ ያለችው ልጅ ዓይኗን ከስልኳ ሳታነሳ ነው ያነጋገረችን።

"ቁልፉ ተሰብሯል?"

"አልተሰበረም።"

"ሻንጣው ተቀዷል?"

"አልተቀደደም።"

"ታዲያ በምን ተሰረቀ? በጸሎት?" አለች፤ አጠገቧ ያለው ልጅም ሳቀላት። "ለማንኛውም ለወርቅ ኃላፊነት አንወስድም። ትኬቱ ላይ ተጽፏል።"

"የጉንዳን ዱካ ከሚያክል ጽሕፈት ውስጥ ማን ያነበዋል?" አልኩ እኔ። የእሳቸው ጠበቃ መሆኔ አይደለም፤ የልጅቷ ሁኔታ ነው ያበገነኝ።

አሁን ቀና አለች። "ሲያስገቡት ያየ ሰው አለ?"

አማቴ ወገባቸውን አቀኑ። "እኔ ዕቃዬን ለሰው እያሳየሁ አላስገባም!"

ያን ያሉት በኩራት ነው። ልጅቷ ትከሻዋን ነቀነቀችና "ቀጣይ!" ብላ ተጣራች። እኔ ጣራ ጣራውን አየሁ። አፌን ብከፍት የሚያልቅ ነገር ነበር፤ አልከፈትኩም። ለምን እከፍታለሁ? ለእኔ ማን ከፈተልኝ?

ወደ ቤት ስንመለስ ሙሽራዋ እስክሪብቶ ይዛ ጠበቀችን። ስልኳ ላይ አይታ ኖሯል። ሻንጣውን እንደገና አስቆለፈችና የእስክሪብቶውን ጫፍ ዚፑ ጥርስ መሀል ሰካችው። ሻንጣው ጧ ብሎ ተከፈተ፤ ጓጉንቸሩ እንደተንጠለጠለ ነው። እጇን እስከ ክንዷ አስገባችና አወጣች። ከዚያ የተቆለፈውን ዚፕ ከነጓጉንቸሩ ወዲያና ወዲህ ስትጎትተው ጥርሱ ገጥሞ ድሮ እንደነበረው ሆነ። የተነካ አይመስልም። አማቴ አዩና ወንበር ፈልገው ተቀመጡ። ያን ሁሉ ዘመን ያመኑበት ነገር በአንዲት እስክሪብቶ ሲያልቅ ማየት ቀላል አይደለም።

አክስትየዋ ግን አልለቀቀችም። "እሺ፣ ይከፈታል። ግን ነበረበት ወይ? ጥያቄው እሱ ነው። ማን አየ? በር ዘግተሽ ብቻሽን፣ ቁልፉ አንቺ ጋ፣ ካልሲው አንቺ ጋ! ሌባ እናት ልጇን አታምንም ሲባል ተረት ይመስለኝ ነበር።"

"በእናታችን አጥንት እምልልሻለሁ፣ አስገብቼዋለሁ!"

"በእናታችን አትማይ! ወርቋን መብላትሽ ሳያንስ!" ከዚያ ድምጿን ዝቅ አደረገችው፤ ከጩኸቱ የባሰው ይህ ነው። "ሥራ በጀመርሽ ጊዜ ሳሙናው የጠፋ ዕለት ትዝ ይልሻል? ዘበኛው በር ላይ ቦርሳሽን አስፋልቱ ላይ ሲዘረግፈው፣ ምሳሽን ይዤ ቆሜ ነበር። ሠራተኛው ሁሉ እያየ። ያን ጊዜ 'እህቴ አትሰርቅም!' ብዬ የጮህኩት እኔ ነኝ። ሳሙናው ሌላ ቦታ ተገኘ። ዛሬ ግን እንጃልሽ። ዛሬ አልጮህልሽም።"

እኔ ይህን ታሪክ ሰምቼው አላውቅም። ባሌም አያውቀውም።  አማቴ ተነሱና የተዘረገፈውን ልብሳቸውን እያጣጠፉ ሻንጣው ውስጥ መክተት ጀመሩ። "ወደ ቤቴ እሄዳለሁ" አሉ፣ ለማንም ሳይሆን። ጨርሰው ጓጉንቸሩን አነሱ። ሊቆልፉት ነው። ምን ቀርቶ እንደሚቆልፉ እግዜር ይወቅ። ቁልፉን ወደ ቀዳዳው ሲያደርጉ ይስታል፣ ሲያደርጉ ይስታል።

እኔ ዓይኔ ላይ የመጣው ማበጠሪያዬ ነው፤ አልጋው ላይ የተዘረገፈው። ተናደድኩ። በማን እንደተናደድኩ አላውቅም፤ በአክስትየዋ ይሁን፣ በዚያ ይሙት ይኑር በማላውቀው ዘበኛ ይሁን፣ በራሳቸው ይሁን። እሳት ሆንኩ።

"እኔ አይቻለሁ" አልኩ።

ሁሉም ዞረ። ልብስ ሰፊዋ መርፌ ቁልፎቿን ከአፏ አወጣች።

"ወርቁን ሲያስገቡ አይቻለሁ። ግራጫ የወንድ ካልሲ ነው፣ ተረከዙ በጥቁር ክር የተሰፋ። ካልሲው ግራ ጫማ ውስጥ፣ ጫማው ብርድ ልብሱ ውስጥ። ከዚያ ቆለፉት። ሻንጣውን አቅፈው አደሩ። ማለዳ ከእጃቸው ወደ ሚዛን ነው የሄደው።"

"በር ዘግታ አይደለም እንዴ? በምን አየሽ?" አለች አክስትየዋ።

"በቁልፍ ቀዳዳ።"

አንዱ ሊስቅ ሲል ሌላው ጎሸመው። አክስትየዋ ከላይ እስከ ታች ገረመመችኝ። "ምራቷ አይደለሽ! ልታድኛት ነው።"

"እኔ? እሳቸውን?" ሳቄ መጣ፤ መጥፎ ሳቅ። "አንቺ ሴትዮ፣ በስልክ ሲነግሩሽ አይደለም እንዴ የኖሩት? 'ያቺ ምራቴ ትጠላኛለች' ሲሉሽ አልሰማሽም? እውነታቸውን ነው! ስኳር ቆልፈውብኛል። ቀለበታቸውን ራሳቸው ደብቀው ጎረቤት ፊት አራግፈውኛል። ይህንኑ ወርቅ ለሠርጌ ከልክለውኛል። ትናንት ካልሲው ባዶ ሲሆን ከደስታ ብዛት ምላሴን ነክሼ ነው የቆምኩት። በዚህ ምድር ላይ ለእሳቸው ብሎ የማይዋሽ አንድ ሰው ብትፈልጊ እኔ ነኝ። ነበረ ካልኩሽ ነበረ!"

  አክስትየዋ ወለሉ ላይ፣ ሻንጣው አጠገብ ቁጭ አለችና "እትዬ፣ እትዬ" እያለች ማልቀስ ጀመረች። አማቴ አላዩዋትም። እኔን ነው የሚያዩት። ዓይናቸው የሚጠይቀኝ ገብቶኛል፤ መስታወቱንም አይተሻል ወይ ነው። እኔም ዓይኔን አልሰበርኩም። መስታወቱን ግን አልተናገርኩም፤ እሱ የማንም ጉዳይ አይደለም።

ሙሽራዋ በባዶ አንገቷ ተዳረች። አማቴ ከእህታቸው ጎን ተቀምጠው ዋሉ። ወርቁ አልተገኘም፤ አየር መንገዱም "እናጣራለን" እንዳለ አለ፤ ያጣሩት። ለእኔ አመሰግናለሁ የሚል ቃል አልወጣቸውም። በአውሮፕላኑ ስንመለስ ብቻ፣ ወደ መስኮቱ ዞረው፣ "ከመቼ ጀምሮ ነው የምታይኝ?" አሉ።

"ከቀለበቱ ጀምሮ።"

የቁልፉን ክር በእጃቸው ጨብጠው ዓይናቸውን ጨፈኑ። እንቅልፍ እንዳልወሰዳቸው አውቃለሁ።

በማግስቱ ከሥራ ስመለስ የክፍላቸው የቁልፍ ቀዳዳ በጥጥ ተጠቅጥቋል። ሳቅኩም ተናደድኩም። ይኸው ውለታዬ! ኮቴን እንኳ ሳላወልቅ በሩ ተከፈተ።

"አንቺ! ነይ ወዲህ።"

ያ ክፍል ውስጥ ተጠርቼ ገብቼ አላውቅም። ሣጥኑ አልጋው ላይ ተከፍቷል። አንድ በአንድ እያነሱ ያሳዩኝ ጀመር። "ይህ የቤት ካርታ። ይህ የባለቤቴ ሰዓት። አየሽ?"

"አየሁ።"

"ጮክ ብለሽ ተናገሪ። ነገ ሰው ቢጠይቅሽ ምን ልትይ ነው?"

"አየሁ አልኩዎት እኮ!"

መጨረሻ ላይ ቀለበቱን አነሱ። ያንን ቀለበት። ጣታቸው መሀል አሽከረከሩትና ወደ እኔ ሳያዩ፣ "ያን ጊዜ ስትወስጂው አላየሁሽም ነበር" አሉ።

"አልወሰድኩማ።"

"እሱን ነው የምልሽ።"

 ስንት ዓመት ያዘጋጀሁት ስድብ ነበረኝ፤ አንዱም አልመጣልኝ አለ። ቀለበቱን ሣጥኑ ውስጥ አስቀመጡ፣ ቆለፉ፣ ጓጉንቸሩን ጎትተው ሞከሩት። "አየሽ?" አሉኝ።

"አየሁ" አልኩ።

ከዚያ ወደ ጓዳ ሄደው ስኳሩን ቆለፉት፤ እኔ ሻዬ ላይ ገና አልጨመርኩም ነበር።